ሳይገለጥ የመጣ ጋዜጣ

ወረታ፣ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለያየህ አዛናው፣ አዲስ አበባ

«ለምወድህ ልጄ» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ ብሎኛልና እለፈው። ጤናህን ከሾፌሩ ከደሳለው ጠይቄ ደህና ነው ብሎኛል። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ በደብተራ ሳላስጽፍ በገዛ እጄ ስሞነጫጭር ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሌ ተጣመመ ብለህ እንዳትስቅ፤ የቤታችንን ጉድ ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አባቴ ሆይ፣ ብቻዎን መሆንዎ አሳዘነኝ። ለእርስዎ ብዬ ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ድቁናውን እይዛለሁ፤ የሰሞን መሬታችንም ከእጃችን አይወጣም» ትላለህ። እናትህ ሸዋዓለም ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሦስት ዓመት ብቻዬን ስበላ ያላሳዘንኩህ ሰው ዘንድሮ ምን ታይቶህ አሳዘንኩህ?

ውሸታም ነህ። እንዴት እንዳወቅሁብህ ልንገርህ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ድቁናውን ጥለህ ስትሄድ፣ «የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በየቀኑ አነባለሁ፣ ከባድ ከባዱን ቃል አጠናለሁ፣ ተፈትኜ አስተርጓሚ እሆናለሁ» አልክ። እኔም ረግሜ ሸኘሁህ። ያነበብከውን ጋዜጣ በየወሩ አስረህ፣ «አከራዬ እሳት ታያይዝበታለች፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» እያልክ በደሳለው ስትልክ ግን አልጣልኩትም። አምና ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤት የገባ ጊዜ ደረቅ ቦታ የነበረው ቆጡ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የሰቀልኩት ያንተን ጋዜጣ ነው። የሽምብራ ዘሬ ረጥቦ በቀለና ለከብት ሰጠሁት። ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነኝ አይደለም። ምን ያህል እንዳሞኘኸኝ እንድታውቅ ነው።

ሥራ ስፈታ ጥቅሉን አወርድና አየዋለሁ። እንግሊዝኛውን አላውቅም። በቀይ እርሳስ ያሰመርክበትን ግን አያለሁ፤ ዳር ዳሩ ላይ በአማርኛ የጻፍከውንም ፍቺ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ። በመጀመሪያው ዓመት «ድልድይ»፣ «መከር»፣ «ጎርፍ» ነበር። በሁለተኛው «ድርድር»፣ «ውክልና»፣ «ማስተባበል» መጣ። የሦስተኛውማ አማርኛውንም አላውቀው፤ «የማይገሰስ» ያልከውን ቄሰ ገበዙን ጠይቄ እስኪያስረዱኝ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ከከብት ጋር ያደገ ሰው አንዱን በሬ ከመንጋው በመልኩ ይለያል። እኔም የፈረንጁን ቃል በመልኩ ለየሁት። «ማስተባበል» ያልከው ረዥም ነው፤ አናቱ ላይ ነጥብ ያለው ፊደል መሐሉ ገብቷል። ጥቅምት ላይ አሰመርክበት። ኅዳር ላይ ያው ቃል፣ ያው ፍቺ። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ጊዜ። እስከ ሰኔ ብቆጥረው ሰባት ሆነ። አንድን እንግዳ ሰባት ጊዜ ስምህ ማነው ይሉታል? እኔ ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። ሆኖም የትናንቱን በቃሉ ያልመለሰ ልጅ የዛሬውን እንደማይቀበል አውቃለሁ። የኔታ አዲስ ከመንገራቸው በፊት የቀደመውን ያስደግሙን ነበር፤ የዘለለ ኩርኩሙን ይቀምሳል። አንተ በቀን ሃያ ቃል ታሰምርና ትተኛለህ። ማስመር ማወቅ መሰለህ። ሜዳ ላይ ያየኸው በሬ ሁሉ ያንተ ነው?

ከጥር ወዲህ ደግሞ መስመሩም ጠፋ። የየካቲቱን ጥቅል ብፈታው ንጹሕ ነው፤ ከነእጥፋቱ፣ ሰው ሳይገልጠው። በማግስቱ ወረታ ከተማ ወረድኩ። ደሳለው መኪናው ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቃል።

«ደሳለው፣ ልጄ ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው፣ አያ አዛናው።»

«ዓይኑ ጠፍቷል?»

«ምን ነካዎ? አልጠፋም።»

«ታዲያ ጋዜጣውን እኔ እንዳነብለት ነው የሚልከው?»

ከመኪናው ሥር አልወጣ አለ። ብረት ሲያንኳኳ ቆየና፣ «እኔ ነገርኩዎ እንዳይሉ። ጥር ላይ ተፈትኖ ወድቋል። ጋዜጣውን አሁን የሚገዛው እርስዎ እንዳይነቁበት ነው» አለኝ።

መውደቅህ አላናደደኝም። ፎገራ ጭቃ ውስጥ የወደቀ በሬ ብርቅ አይደለም፤ ጅራቱን ይዘው ያነሱታል። ያናደደኝ እኔን መሸሸጊያ ማድረግህ ነው። «ለእርስዎ ብዬ» አልክ። እኔ የማንም ሰበብ አይደለሁም። ድቁናም ከፈተና የሸሸ ሰው የሚጠለልበት ዳስ አይደለም። ያን ጊዜ ስለምንህ «አልፈልገውም» ብለህ የሄድክበትን ነገር ዛሬ ለእኔ እንደ ስጦታ አታቅርብልኝ።

አሁን የሠራሁትን ስማ። የሰሞን መሬት በአገልግሎት የሚያዝ ነውና ቤቱ ዲያቆን ካላቆመ ለሌላ እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ደብሩ ሦስት ዓመት ታግሦኝ፣ በመጨረሻ እስከ ፋሲካ ቀን ቆርጦልኝ ነበር። ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ገባሁ። ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነው። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሥላሴ ጠየቁኝ።

«አዛናው፣ ልጅህ ይመጣል ወይስ ቁርጡን ትነግረናለህ?»

«አይመጣም፣ አባ።»

«ምነው? ታመመ?»

«የለም። እያነበበ ነው።»

ጎረቤታችን መንግሥቴ ከማዶ ሆኖ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ? እንዲህ የማያልቅ ጋዜጣ ከሆነ ለእኛም ይላክልን፣ ቤት እንከድንበታለን» አለ። ደጀ ሰላሙ በሳቅ ሞላ። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «መሬቱን ለእናኑ ልጅ ስጡት» ብዬ ወጣሁ። እናኑ ባሏ የሞተባት ናት፣ ልጇም ዲያቆን ነው፤ ይገባቸዋል። ለእኔ ርብ ዳር ያለችው የእናትህ ርስት ትበቃኛለች፤ ውኃ ካልወሰዳት።

እንግዲህ የምትመጣበት ድቁና የለም። የምትመጣለት መሬትም የለም። ፋሲካን እዚያው ፈስክ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጀመሪያውን ዓመት ጋዜጣ መልሼ ልኬልሃለሁ። አዲስ አትግዛ። ፍቺውን በእጅህ ሸፍነህ ቃሉን ብቻ እይ፤ በአፍህ እስክትመልሰው ወደሚቀጥለው አትለፍ። የዛሬውን ነገ ጠዋት ድገመው፤ ከሳምንት በኋላም ድገመው። የቀረውን በወር በወሩ አንድ ጥቅል እሰድልሃለሁ። ደሳለው ጭነት በዛብኝ ብሎ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ሁለተኛ ፈተና መቼ እንደሚኖር ጠይቀህ ቀኑን ጻፍልኝ። ስለ ሐዘንህ ግን አትጻፍልኝ።

ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም። እናትህ ልትሞት ስትል ራስህ ላይ እጇን ጭና የመረቀችህ አለ፤ እኔም አሜን ብያለሁ። እሱ ይጠብቅህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በጾም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በካህናት ፊት «እያነበበ ነው» ብያለሁ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እዚያ ቦታ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። ትናንት የነፍስ አባቴ መጥተው ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህን አልነገርኳቸውም። እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ እስከ ሆሣዕና ይዤዋለሁ።

አባትህ
አዛናው