ያንቺ እኩሌታ እንግሊዝኛ

ይድረስ ለጠጄ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ያልሰማሽ ስሚ፤ የሰማሽም ላጠገብሽ አሰሚ። ቀዩ አውራ ዶሮ ከቆጡ ወርዶ ያንቺ መደብ ላይ ማደር መጀመሩን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ነገሩ በቤቱ ሸንጎ ቀርቦ ታይቷል። ሸንጎው እኔና እሱ ነን። ድምፁ አንድ ለአንድ ቢሆንም እሱ ጮኾ ስለተናገረ ተረታሁ።

ከተለያየን ዓመት ሊደፍን ነው። ተዝካርሽ እንደ ወጉ ወጥቷል። ጠላው አልቀጠነም፣ ካህናቱም አላሙንም፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ጣሪያውን ከክረምቱ በፊት አስከድኜዋለሁ። ለብቻ መኖሩንም ለምጄዋለሁ፤ ስለ እኔ አትሥጊ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ዶሮና ስለ ጣሪያ አይደለም። ይዘሽው ስለሄድሽው እንግሊዝኛ ነው።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ከተማ የሞተር ወፍጮ ሊተከል ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲታመስ፣ ባለወፍጮው ነጋዴ “የመሣሪያውን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ካለ በረዳትነት እቀጥራለሁ” ብሎ አስነገረ። እኔ ከእርሻውም ከድቁናውም መሀል ተንጠልጥዬ የቀረሁ ሰው ነኝና ልቤ ተነሣ። እኛን ተጠግቶ ይኖር የነበረው አስተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ነበረው። ከመጽሐፉ መጨረሻ የተደረደሩትን ቃላት እያነበበ፣ በአማርኛ እየፈታ ይነግረን ጀመር። እኔ ለመማር፣ አንቺ ደግሞ “ሲሳሳት ማን ይስቅበታል” ብለሽ ተቀመጥሽ።

የምንማረው በሚካኤልና በማርያም ነበር፤ በሬ በማይጠመድበት ቀን። የነፍስ አባታችን “በዓል ትሽራላችሁ አሉ” ብለው ሲቆጡ፣ አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ “አባቴ፣ መጽሐፉ ዕቃ ካልተነቃነቀ ሥራ አይባልም ይላል፤ እኛ ደግሞ ምንም አላነቃነቅንም” አልሻቸው። አባም፣ “እንዲህ ከሆነ አያ ሞላ ሥራ ሳይሠራ ሊሞት ነው” ብለው ሄዱ። ከተቀመጠበት ንቅንቅ የማይለው አያ ሞላ የጎረቤታችን የእትዬ ደብሬ ባል መሆኑን አልረሳሽውም።

ከዚያ ለአስተማሪው ወደ ሐረር የዝውውር ደብዳቤ መጣ። መጽሐፉም አብሮት መሄዱ ነው። ቶሎ ቶሎ ጻፈው አለኝ። እኔ የቆሎ ተማሪ የነበርኩ ሰው፣ ዳዊትን በቃሌ የወጣሁ፣ ወረቀት ልለምን? የኔታ “የተጻፈውን አይጥ ይበላዋል፣ በቃል የያዝከውን ማን ይበላዋል” ይሉን ነበር። ስለዚህ እንደ ጉባኤ ቤቱ ደንብ ቀለሙን ለሁለት ከፈልነው። ከአክስል እስከ ኢነርጂ ያለውን እኔ፣ ከፍሪክሽን እስከ ቬሎሲቲ ያለውን አንቺ። በኋላ አንዳችን ለአንዳችን ልናስይዝ።

አንቺ እኩሌታሽን በሳምንት አጠናቀቅሽ። እኔ ቤሪንግ ላይ ስንተባተብ “የኔ ሊቅ፣ ዳዊቱን ማን ደገመልህ” እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር። ያንቺን ለመቀበል ወረፋ እየጠበቅሁ ሳለ ኅዳር ገባ፤ አንቺን የወሰደው በሽታም ገባ። የኔታ አልነገሩንም እንጂ፣ ቃልንም የሚበላ አለ ጠጄ።

ከዚያ ወዲህ ሚካኤል በመጣ ቁጥር ደጃፍ ተቀምጬ የራሴን እኩሌታ በቃሌ እወርደዋለሁ። አክስል፣ ቤሪንግ፣ ሲሊንደር እያልኩ ኢነርጂ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ነው። ተቀባይ የሌለው ሰው ንግግሩ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ዶሮው ዓይኑን አጉረጥርጦ ያየኛል።

እንዲህ እንዳለሁ ተዝካርሽ ደረሰ። አያ ሞላ እንደ ልማዱ ጠላው ዘንድ ተተክሎ ቀረ። እትዬ ደብሬ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ፣ “አንተ ኢነርሺያ! ካልገፉህ አትነሣ፣ ከተነሣህ አትቆም” አለችው። ዋንጫው ከእጄ ወደቀ። ይህን ቃል ከየት አመጣሽው ብላት፣ “ምነው፣ ያንተው ሚስት አይደለች ስም ያወጣችለት” አለችኝ።

ለካ አንቺ ቀለምሽን እንደ እኔ አየር ላይ አልበተንሽውም፤ እያንዳንዱን በሰው ጀርባ ጭነሽዋል። እኔም እንደ ግብር ሰብሳቢ ከምንጭ ምንጭ፣ ከገበያ ገበያ መዞር ያዝኩ። የአጥቢያ ዳኛው ፍሪክሽን ተብሏል፤ እሱ ዘንድ የደረሰ ነገር ሁሉ ይንቀራፈፋል፣ ባለጉዳዩም ይግላል። ጭቃ ሹማችን ግራቪቲ፤ ከላይ የተለቀቀ ሁሉ እሱ እጅ ላይ ያርፋልና። አርብ ገበያ የሰማችው ወሬ ከራሷ ቀድሞ ንፋስ መውጫ የሚደርስላት ያቺ ባለ ቅመም ቬሎሲቲ ሆናለች። እናቴን ፕሬሸር፣ ግፊት መሆኑ ነው፣ ማለትሽንም ደርሼበታለሁ። እስካሁን አልሰማችም፤ እኔም ለሰላሜ ስል ዝም ብያለሁ።

አንድ ስም ብቻ ቀረ። ያንቺን ቃል የሚያውቁ ሴቶች ሁሉ “እኔንስ ምን ትለኝ ነበር” ስላቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ሳቃቸው እየከረረ ሲመጣ ደግ ነገር አይደለም ብዬ ልተወው ነበር። በመጨረሻ እትዬ ደብሬ እንስራዋን እያዘለች፣ “ፉልክረም ትልህ ነበር” አለችኝ። “አስተማሪው ቋጥኝ በዘንግ ሲፈነቅል ከሥር ያስገባት ድንጋይ ማለት ነው። ‘ራሱ ንቅንቅ አይልም፤ እኔ ግን የከበደኝን ሁሉ በሱ ተደግፌ ነው የማነሣው’ ብላናለች።” ይህን ብላ ሳትስቅ ሄደች።

ወፍጮውን ሊተክል ከደሴ የመጣው መካኒክ ባለፈው ሳምንት ፈተነኝ። ከአክስል ተነሥቼ ኢነርጂን አለፍኩ፤ ያንቺንም እየተከተልኩ ወረድኩት። ፍሪክሽን ሲለኝ የዳኛውን ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝ። ፉልክረም ሲለኝ፣ ከዘንጉ ሥር የሚገባ ድንጋይ ነው አልኩት። መካኒኩ ፈገግ ብሎ፣ “ዘንጉ የተወሰደ እንደሆነስ?” አለኝ። “ያው ድንጋይ ነው” አልኩት። ብልህ መልስ መስሎት አስቀጠረኝ።

እንግዲህ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ የወፍጮ ቤት ሰው ነኝ። አልረሳሽም ብዬ አልምልም፤ መሐላ የሚያበዛ እንደሚረሳ አንቺው ነሽ ያልሽው። ይልቅስ በየሚካኤሉ ያንቺን እኩሌታ ከፍሪክሽን እስከ ቬሎሲቲ፣ አንዲት ሳላጓድል፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም ጮክ ብዬ እወርደዋለሁ። ስሳሳት ሳቂብኝ።

ባልሽ።

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ አካባቢ “ለብቻ መኖሩንም ለምጄዋለሁ” ተብሎ የተጻፈው የጸሐፊው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ፣ ተሰርዞ “አልለመድኩትም” ተብሎ እንዲነበብ ይሁን።