የአሥራ ሁለት ደቂቃ ዝምታ

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአባባን ማንቁርት ያወጡታል።

ውድ ወንድሜ፣

ይህን በእስክርቢቶ የምጽፈው ላፕቶፑ ስለተያዘ ነው። አጥፍቼ ላስነሳው ስል፣ ለወራት «በኋላ» እያልኩ ያሳለፍኩትን ማሻሻያ ሁሉ ዛሬ ካልጫንኩ ብሎ ድርቅ አለ። ሠላሳ አንድ በመቶ ይላል። አባባ ውስጥ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገብቶ አልጋ መያዝ አለበት፤ አሁን ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ከመንቃቱ በፊት ይሄ ማሽን ድምፅ መቅዳት አለበት። ካልቀዳ፣ ነገ ድምፁም ከማንቁርቱ ጋር ስለሚሄድ አባባ ለአንተ ያለው ነገር አብሮት ይቀራል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጠዋት ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ «ያንን ማሽንሽን አምጪው» አለኝ። ድምፁን አሁን ብትሰማው አታውቀውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ማለማመጃ ሜዳ ላይ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ የጮኸበት ጉሮሮ ዛሬ በበር ሥር የሚገባ ነፋስ ነው። ሐኪሟ በቀን ከጥቂት ደቂቃ በላይ እንዳይናገር ከልክላዋለች። እሱም እንደ ቤንዚን ይቆጥበዋል። ጨው ሲፈልግ በጣቱ ነው የሚያሳየኝ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዚያ ልጅ።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስለ አንተ ተነስቶ አያውቅም። «ያ ልጅ» መባልህን ራሱ እንደ ትልቅ ነገር ቁጠረው።

«ብትጽፈውስ? ድምፅህን አትጨርስ።»

«በጽሑፍ ቁጣዬና ይቅርታዬ አይለይም። አምጪው ብያለሁ።»

የእኔ ስልክ ባለፈው ሳምንት የልብስ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የላይኛዋን ጎረቤት ስልክ ልዋስ ብለው ገላመጠኝ። «የቤቴን ጉዳይ በሰው ኪስ አላስቀምጥም» አለ።

ስለዚህ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሥራዬን ታውቃለህ፤ የስብሰባ ድምፅ በፍላሽ ያመጡልኛል፣ እየሰማሁ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ራሴ መቅዳት ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ትቻለሁ። መቅጃውን ከፈትኩ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ካለቁት ስብሰባዎች አንዱን አስጮህኩት። አረንጓዴው መስመር ዘለለ። ሰብሳቢው «ሥነ ሥርዓት!» ሲል ጫፍ ነካ። ይሠራል አልኩ።

አባባ ወንበሩን አስተካከለና በአገጩ በሩን አሳየኝ።

«አንቺ ውጪ።»

ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በበሩ በኩል የሚመጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ቃል አይለይም። መሃል ላይ አንዴ አሳለው። ሌላ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሩን ከፈተ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«በቃ» አለኝ። «አንዴ ነው የምለው። ከእንግዲህ አቅም የለኝም።»

ፋይሉን ስከፍተው አሥራ ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ይላል። መስመሩ ግን እንደተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነው። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ምንም። ሳሉ እንኳ የለም።

«ገባ?» አለኝ ከአልጋው።

«ገብቷል» አልኩት።

ተሸፋፍኖ ተኛ። ስንት ወር ሙሉ እንዲህ ተረጋግቶ ሲተኛ አላየሁትም።

ጉዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። መቅጃው የሚያዳምጠው ክፍሉን አልነበረም፤ ማሽኑ ራሱ በማጉያው የሚያወጣውን ነው። እኔ ስብሰባ ሳስጮህ የገዛ ራሱን ጩኸት ቀዳ። አባባ ሲናገር ማሽኑ ዝም ብሎ ስለነበር ዝምታውን ቀዳ። ማይክ ልምረጥ ብዬ የድምፅ ቅንብሩን ብከፍት ዝርዝሩ ላይ ማይክ የሚባል ነገር የለም። ትዕዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ አንተ ያስተማርከኝን ጻፍኩ። ድምፅ መቆጣጠሪያው መጣ። የማጉያው ማስተካከያ አለ፣ የጆሮ ማዳመጫው አለ፣ የማይኩ የለም። ተዘግቶ ቢሆን እከፍተው ነበር፤ የሌለ ነገር በምን ይከፈታል? የድምፅ አገልግሎቱን አጥፍቼ አስነሳሁት። ያው ነው። ባለ ማይክ ማዳመጫ ሰካሁ፤ ቀዳዳው ላልቶ ነው መሰለኝ ጭራሽ አላወቀውም።

ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ታች መንገዱ ዳር ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሮጥኩ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ ያመጡለትን ማሽን ሁሉ «ሞቷል» ስለሚል።

«ሞቷል» አለኝ ፎጣውን ሳልፈታ።

«ሳታየው ነው እንዴ የምትቀብረው? ድምፅ ያወጣል እኮ። መቅዳት ነው እምቢ ያለው።»

ከፈተውና የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ መሆኑን ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «ይሄንን ማነው የጫነብሽ? ጠላትሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ያው ነው» ብሎ ሳቀ። «የኔ እህት፣ ምክሬን ስሚ። ልጥረገውና ዊንዶውስ ልጫንልሽ። እስከ ስምንት ሰዓት እጨርሳለሁ። ያለሽ ፋይል ግን ይጠፋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ደግሞ ምን አለሽና? የስብሰባ ጭቅጭቅ!»

እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያጓጓኝ ማይኩ አይደለም፤ የፋይሉ ሁሉ መጥፋት ነው። «ታዲያ ከዚያ በኋላ ይቀዳል?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። «ማይኩ ራሱ ሞቶ ከሆነ እኔን እንዳትጠይቂኝ።» መልሼ ጠቀለልኩት።

ቤት ገብቼ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን ድረ ገጽ አገላበጥኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ለሌላ ለማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ መልሷል፦ ማጉያው እየሠራ ማይኩ ብቻ ከጠፋ፣ የድምፅ ድራይቨሩን፣ ድምፁን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ሰው በእጁ ቀይሮት ይሆናል፤ የድራይቨር ቅንብሮች ያሉበትን ማህደር ተመልከት።

በዚህ ማሽን ላይ ከእኔ ሌላ እጁን ያሳረፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማህደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች አንዱ አንተ የሄድክበትን ቀን ይዟል። ከፈትኩት። ሁለት መስመር ነው። አንደኛው ለማሽኑ የተጻፈ ትዕዛዝ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ሰው እንዲያነበው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፦

«ማይኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሙሉውንም ቁራጩንም ሰምቻለሁ።»

እንግዲህ ታውቅ ነበር። አራት ዓመት አውቀህ ዝም አልክ። እኔ አታውቅም ብዬ ዝም አልኩ። አንተ የምታውቀውን ነገር በእጄ ጽሑፍ ልድገምልህ፤ አንዴ እንኳ ከእኔ ስማው።

እማዬ የሞተች ቀን ማለማመጃው ሜዳ ድረስ ደውላ «ደረቴን» አለችው። አንዲት ተፈታኝ ቀርታው ነበር። «ይቺን ላሳልፍና መጣሁ» አላት። የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ነፍሷ የወጣው መንገድ ላይ፣ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ በተለጠፈበት መኪና ውስጥ ነው። በሞተች በሦስተኛው ወር አንተና እኔ ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ መቅጃውን ለሥራ ስሞክር ክፍት ትቼው፣ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «ተፈታኟን ትቶ ቢመጣ ኖሮ እማዬ ዛሬ እዚህ ነበረች። አባባ ነው የገደላት» አልኩ። አንተ እያለቀስክ «አዎ፣ ገድሏታል። ዓይኑን ማየት አልፈልግም» አልክ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባባ የአንዱን ተማሪውን ነገር እየሳቀ ሲያወራ ደሜ ፈላ። ልናገረው ፈለግኩ፤ አልደፈርኩም። ቅጂውን በሌላ ፋይል ገልብጬ የእኔን ቆርጬ ጣልኩና የአንተን ብቻ አሰማሁት። የልቤን በአንተ አፍ ነገርኩት። «ከቤቴ ይውጣ» ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሻንጣህን ስትይዝ በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። ያን ጠዋት «ላፕቶፕሽን ትንሽ ላስተካክልልሽ» ብለህ ወስደህ ነበር። አመሰገንኩህ እኮ!

ሙሉው ቅጂ እስካሁን አለ። የቀዳሁትን አጥፍቼ አላውቅም።

ለማሽኑ የተጻፈውን መስመር ሰርዤዋለሁ። ለሰው የተጻፈውን አልነካሁትም። ዘጠና ሁለት በመቶ ይላል። አባባ ሲያስል ይሰማኛል፤ ነቅቷል።

*

ስምንት ሰዓት ከአርባ። ፖስታ ቤት ነኝ፤ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ማሽኑ ተነሳ። ዝርዝሩ ላይ ማይኩ መጣ። አሁን ስብሰባ አላስጮህኩም። በገዛ አፌ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። መልሼ ሰማሁት፤ የእኔ ድምፅ ነው። ይዤው ወደ አባባ ገባሁ።

«አባባ፣ የጠዋቱ አልተቀዳም።»

«ገብቷል አላልሽም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ማሽንሽም እንደዚያ ልጅ ነው። ብለምነው አይሰማኝም።»

«እሱ ነው ዘግቶት የሄደው። የዘጋው ግን በእኔ ምክንያት ነው።»

«ምን አድርገሽው?»

የወጥ ቤቱን ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩ። አሰማሁት። ሙሉውን። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ፣ ቂም የቋጠረ ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አልወደውም ነበር። «አባባ ነው የገደላት።» ብርድ ልብሱን የሚያፍተለትለው እጁ ቆመ። ከዚያ አንተ ተከተልክ። ሲያልቅ «ድገሚው» አለ። ደገምኩለት።

«ቀድመሽ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«እሱን አስወጣሁት።»

«አዎ።»

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ሾርባ ታጠጪኛለሽ።»

«አዎ፣ አባባ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ለመነሳት ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። የደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገትሯል። ውሃ ሰጠሁት፣ በእጁ ጀርባ ገፋው። ትንሽ ቆይቶ ራሱ አንስቶ ጠጣ። የግድግዳውን ሰዓት አየ።

«አሁንስ ይቀዳል? ወይስ እንደ ጠዋቱ ልትሸውጂኝ ነው?»

«በራሴ ድምፅ ሞክሬዋለሁ።»

«ክፈቺው።»

ከፍቼ ልወጣ ስል ወንበሩን በጣቱ አሳየኝ።

«የት ነው? ቁጭ በይ። አንቺም ትሰሚዋለሽ።»

ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው የተናገረው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ምኑ እንደቀረ አላውቅም። እሱም አልነገረኝም። መጨረሻው ላይ ድምፁ ሄዶ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ እሱንም እንዳለ ትቼዋለሁ። ያለውን አልጽፍልህም። እየሰሙ መጻፍ ሥራዬ ቢሆንም ይሄን አልጽፍም። ባለፈው የትኛው ግማሽ እንደሚሰማ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ፍላሽ ላይ ሁለት ፋይል አለ። አንደኛው የአባባ ነው። ሁለተኛው የወጥ ቤቱ ነው፣ ሙሉው። ለፈለግኸው ሰው አሰማው። ኢሜይል ብልክልህ ሳትከፍት እንደምታጠፋው አክስታችን ነግራኛለች፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥርህንም የሰጠችኝ እሷ ናት። የቤቱ ስልክ ቁጥር አልተቀየረም። ከነገ በኋላ ብትደውል የማነሳው እኔ ነኝ። ይህንን አውቀህ ደውል።

ከፊቴ ያለው ሰውዬ አንዲት ካርቶን ለማሰር ሦስት ዓይነት ገመድ ያማርጣል። አባባን ታክሲው ውስጥ ነበር ትቼው የገባሁት። አሁን ወርዶ የፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ቆሟል፣ መስታወቱን በቀለበቱ ያንኳኳል። ሹፌሩ ከኋላው «አባት፣ ይግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል!» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለውናል።

ሚዛኑ ጋ ያለችው ልጅ አዝናልኝ መሰለኝ ከሰውየው ራስ በላይ እጇን ዘርግታ ፖስታውን ተቀበለችኝ። ይህችን ገጽ ብቻ ነው የምትጠብቀው። «የአደራ ደብዳቤ ስለሆነ ፈርመሽ ደረሰኝ ትጠብቂያለሽ» ትለኛለች። ፈርሜያለሁ። ደረሰኙን አልጠብቅም። ወጣሁ።

እህትህ