ጉልበታችሁን ቆጥቡ ላሉን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የመረጃ ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጅዳ፣ ጃሚዓ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድ ማሽኖችዎ፣ በመልካም ጤንነትና በአሥራ ስድስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችውን እየነገርኩዎት እሄዳለሁ።

ስሜን ስለማያውቁት ላስተዋውቅዎት። ሱረያ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ የኮምፒውተር አዳራሽዎን ወለል ስወለውል «አንቺ» እያሉ ሲጠሩ የኖሩት እኔን ነው። የምኖረውም ከአዳራሹ ጀርባ ድርጅትዎ ለሠራተኞቹ ባከራየው ባለ አሥራ ስምንት ክፍል ቤት፣ ከታላቅ እህቴ ከሀሲና ጋር ነበር። ሀሲና ሃያ ዓመት በሰው ቤት መታጠቢያ ክፍል በበረኪና ስታጥብ ሳንባዋ ስለተቃጠለ፣ የምትተነፍሰው ግድግዳ ላይ በሚሰካ የኦክስጅን ማሽን ነበር። የቤታችን መብራት የሚመጣው በእርስዎ አዳራሽ በኩል ስለሆነም ማብሪያና ማጥፊያው በእጅዎ ነበር።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ አርባ ስድስት በገባ ሰሞን፣ ከቀትሩ ዙህር እስከ ከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት የቤታችን መብራት እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ወረቀት በየቋንቋችን አስለጠፉልን። አማርኛውን የተረጎመው ያ ሁሉን ያውቃል የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎትዎ በመሆኑ፣ «ኤሌክትሪክ ቆጥቡ» ለማለት «ጉልበታችሁን ቆጥቡ» ብሎ ጻፈልን። እኛም ታዛዦች ነንና በረጠበ አንሶላ ተጠቅልለን ወለል ላይ ተዘርረን ቆጠብን። ይህንንም ደብዳቤ እሱው ይተርጉምልዎት፤ እርግማኑን ምርቃት ቢያደርገው ግን ተጠያቂዋ እኔ አይደለሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ። አዳራሹ የሃያ ሺህ ቤት መብራት ብቻውን እንደሚጠጣ ለእንግዶች በኩራት ሲያስረዱ መወልወያዬን ይዤ ሰምቻለሁ። የሃያ ሺህ ቤት ድርሻ ጠጥቶ ያልረካ፣ የእኛ አሥራ ስምንት አምፖልና ማራገቢያ ምን ሊጨምርለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛውን ግን ምስጋና ብዬ ልጽፈው አልቻልኩም። ሀሲናን በየቀኑ ከዙህር በፊት ከነማሽኗ መብራት ወደማይጠፋበት የሰፈሩ መስጊድ እየወሰድን እናውላት ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡና አዳራሹ ይበልጥ እንዲቀዘቅዝ ስለተፈለገ፣ መብራቱን ከተባለው አንድ ሰዓት አስቀድመው አጠፉት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን አልጋነሽ ደወለች።

«ሱረያ፣ መብራቱ ጠፋ! የሀሲና ከንፈር ጠቁሯል፤ ድረሽ!»

ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። እህቴ ትንፋሽ እያጣች እንደሆነ ነገርኩዎት።

«ማሽኖቹ ከሞቁ ይሞታሉ» አሉኝ፣ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ።

«እህቴስ?»

«ኸላስ፣ በቃ! ለጥገና ክፍል ንገሪ።»

ለጥገና ክፍል አልነገርኩም። በጽዳት ካርዴ የሠራተኞቹን በር ከፈትኩ፤ ዘበኛው ዩኑስ፣ አሏህ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ አለ። ከአልጋነሽና ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር አራት ሴቶች ሆነን ሀሲናን በብርድ ልብስ ተሸክመን፣ እንግዶችዎ ቴምር ይዘው በቆሙበት መቀበያ ክፍል መሐል አስተኛናት። ባዶ ሶኬት ስላጣሁ፣ በአምስት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ማሽንዎን ነቅዬ የእህቴን ሰካሁ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

እርስዎ «አውጧቸው!» ብለው ሲጮኹ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማስታወቂያውንም ከሠራተኞቹ በር ግድግዳ ገንጥዬ አመጣሁላቸው። ለካስ የድርጅቱ ዋና ባለድርሻ ኖረዋል! ወደ እርስዎ ዞረው «የስንት ክፍል መብራት ነው ያጠፋኸው?» አሉ። «አሥራ ስምንት» ሲሉ ድምፅዎ እንደ ሀሲና ትንፋሽ ተቆራረጠ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም። የቤታችን መብራት ወዲያው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም አልጠፋም።

እርስዎ ግን ከወንበርዎ አልተነሱም፤ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ሀሲና ተርፋ ዛሬ መካ፣ ነካሳ ሰፈር፣ አክስታችን ነጂባ ቤት ናት። ሕመሟ እያለ እንኳ ስትስቅ ከታችኛው ፎቅ ትሰማ የነበረች እህቴ፣ አሁን ስሜን ጠርታ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ያለፈቃድ መግባቴን አምኜ ይቅርታ የምጠይቅበትን ወረቀት ለፊርማ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመውጫ ቪዛዬ በእጄ ስለሆነና በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማው፣ የሚያስፈራሩኝ ዘመን ስላበቃ፣ መልሴን በአደባባይ እሰጣለሁ፤ አልፈርምም። እኔም አውፍ ብዬ ይቅር አልልዎትም። የእህቴን ትንፋሽ በፍርዱ ቀን፣ የቂያማ ዕለት፣ ማንም ስልክ በማያይበት ቦታ፣ ከእጅዎ እቀበላለሁ።

በመጨረሻው የሥራ ቀኗ የቢሮዎን ወለል አውቃ ሳታደርቅ የወጣችው፣
ከፍ ባለ አክብሮት፣
ሱረያ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ የመኖሪያ ቤትዎ መብራት ጠፍቶ፣ ባለቤትዎ ቅዝቃዜ ፍለጋ ሞተሩ በተነሳ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡና እርስዎም ለመብራት ኃይል ሰባት ጊዜ ደውለው «እኛም እኮ ሰው ነን!» እያሉ እንደጮኹ ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ ብለው አይድከሙ፤ በየቤታችሁ ሻይ የሚያቀርብላችሁ ሰው ሁሉ ጆሮ አለው። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቆየው አሉኝ። እኔ ዱዓ ያደረግኩት ለሦስት ነበር፤ አሏህ ከእኔ ይልቅ አዛኝ ነውና ሁለቱን ብቻ ተቀበለኝ።