ሳልመልስ የፈረምኩባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
በር ጠበቅሁ፣ ወለል ጠረግሁ፣ ሌንስ አመላለስኩ። በመነጽር ቤታችን ከእኔ በላይ የተማረ ቢኖር ባለቤቷ እትዬና ኮምፒውተር የምትሠራልን ልጅ፣ ቀጭኗ የምላት፣ ብቻ ናቸው። ሌንስ ቆራጩ አይቆጠርም፤ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አንድ ወር ሆነኝ። ሚስቴ ይህን ደብተር ገዝታ፣ «በል ጉራህን እዚህ ላይ አራግፍ፣ ጆሮዬ ይረፍ» አለችኝ። እነሆ።

ደግሞ ሹመት! የደንበኞች የዓይን ልክ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከነገ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፍላሽ ሰክቼ ቅጂ የማስቀር እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ቀጭኗ አሳየችኝ... ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ ነጭ መስመር እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ሲያልቅ መዝገቡ ላይ «ተሠርቷል» ብሎ መፈረም።
«ገባዎት ጋሼ?»
«ምነው ልጄ! ፊደል የቆጠረ ሰው እኮ ነው ፊትሽ የቆመው!»
ሳቀች። ስትስቅልኝ ሌላ ቀልድ ፍለጋ ገባሁ... ያለችውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
መስኮቱ ተከፈተ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ። እኔ የቆጠርኩት ሀ ሁን ነው... ሌንስ ቆራጩ ከኋላዬ፣ «አንብብልን እንጂ፣ የተማረው!»
«አንብቤ ጨረስኩ!» አልኩና ምንም ሳልጽፍ ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ።
ጎርፉስ? ለምን አልወረደም? እጄ ፈጣን ስለሆነ ይሆናል። ፈረምኩ። «ተሠርቷል»። «ቷ»ዋ እንዴት ታምራለች!

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ዛሬም ብልጭ። ዛሬም ፈረምኩ። ልጠይቃት? ... ነገ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ኮምፒውተሩ ሞተ። ጠዋት ቢያበሩት ጭጭ።
«ግድ የለም፣ ቅጂ አለን» አለች ቀጭኗ። ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ከፈተችው። ከጥቅምት 4 ወዲህ ምንም የለም። የአሥራ ዘጠኝ ሰው የዓይን ልክ ጠፋ።
እትዬ መዝገቡን አገላበጡ። «እሱ በየቀኑ ፈርሟል። ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ ፕሮግራም ነው። እስከ ረቡዕ ምክንያቱን ካላገኘሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»
ቀጭኗ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ የፍላሹን ቁጥር ይጽፉ ነበር አይደል?»
ቁጥር? ለካ የሚጠይቀው ቁጥር ነው!
«እንዴታ!» አልኩ። አፌ ቀደመኝ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ቀጭኗ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ቀልቶ መስመር በመስመር ትፈልጋለች። የእኔን ጥፋት ከራሷ ሥራ ውስጥ ትፈልጋለች።
ሚስቴ፣ «ምነው፣ ጉራ አለቀብህ?» አለች። ደብተሩን ይዤ ጓዳ ገባሁ።
የማታ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፈልን ትዝ አለኝ፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቻለሁ፤ ለሳቅ፣ ለማሳመር። ሁሉንም ነፋስ ወሰደው። ይሄኛው ግን ተጽፏል። አሥራ አንድ ጊዜ። ለዚህ ነው ፊደል የቆጠርኩት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ተናገርኩ። እትዬ ቢሮ፣ ቀጭኗ ባለችበት። «ጥያቄውን ማንበብ አልቻልኩም። ባዶውን እየተጫንኩ ነው የፈረምኩት።»
ቀጭኗ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ጋሼ» አለች። ይኸው ነው።
በኋላ ወረቀት ላይ አሳየችኝ። የፍላሹ ቁጥር አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ «የተሰጠኝ ከአንድ ጋር እኩል ከሆነ፣ ቅዳ» ይላል። ባዶ ስሰጠው በግራ በኩል የሚያወዳድረው አጣ፤ እዚያው ወድቆ መስኮቱን ዘጋ። አንድ ሳህን የጎደለው ሚዛን በለው።
«እኔም አጥፍቻለሁ» አለች። «ሰው ዝም ሊል ይችላል ብዬ አላሰብኩም።»
ሁለቱንም ወገን በትምህርተ ጥቅስ አቀፈችው፤ ባዶም ቢሆን ሳህኑ እንዲኖር። ከላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች፦ ምንም ካልተሰጠህ፣ መልሰህ ጠይቅ።
እትዬ ፈረዱ። «እሷ ትቆያለች። አሥራ ዘጠኙን ሰው ግን ስልካቸውን ከደረሰኝ ላይ ፈልገህ፣ ዳግም እንዲለኩ አንተ ትጠራለህ። ምክንያቱንም በራስህ አፍ ትናገራለህ።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
የመጨረሻዋ ደንበኛ መጡ። አሮጊት ናቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን አወጣኋቸው።
«ምነው ልጄ፣ ዓይኔ ብሶበት ነው ሁለቴ የምትለኩኝ?»
«የለም እማማ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው።»
«ኧረ ተወው! ሟቹ ባሌ የማያውቀውን አውቃለሁ ባለ ቁጥር ቢሆን መቶ ጊዜ በተለካሁ!»
ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት። አዲሱ ኮምፒውተር። ቀጭኗ፣ «መጀመሪያ ባዶውን ይጫኑት» አለች። ተጫንኩ። መስኮቱ አልሸሸም፤ መልሶ ጠየቀኝ። ደገምኩት። አሁንም ጠየቀኝ... ታጋሽ ነው።
«ምን ይላል ጋሼ?»
ሌንስ ቆራጩ ከኋላዬ ቆሟል።
«አላውቅም ልጄ። አንብቢልኝ።»
አነበበችልኝ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ጎርፉ ወረደ። እስኪያልቅ ጠበቅሁ።
መዝገቡን ገለጥኩ። አሥራ አንዱን አልፋቅሁም፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ «አልተሠራም» ብዬ ፈረምኩ። ከታች የዛሬውን ጻፍኩ፦ ተሠርቷል።
«ቷ»ዋ ተንሻፍፋለች። እንደዚያው ተውኳት።