የእሁድ ጠዋት ሰዓትህ አልተነጠቀችም

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። እማዬ ደህና ናት። ጓሮ የተከልከው ቡናም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ።

የምነግርህ ግን ስለ ሬዲዮ ጣቢያችን ነው። አንተ ካረፍክ በኋላ የእሁድ ጠዋቱን የድሮ ዘፈን ፕሮግራምህን ሊዘጉት ነበር። ኃላፊያችን ሰብስቦን «ወጣቱ የድሮ አይሰማም፣ ትልልቆቹም አዲሱን አይሰሙም። ሰዓቱን ለወጣቱ እንስጠው» አለ። እኔ፣ ድምፅ ከማስተካከል በቀር ማይክሮፎን ፊት ቀርቤ የማላውቀው ልጅህ፣ እጄን አውጥቼ «አራት እሁድ ብቻ ስጡኝ» አልኩ።

በመጀመሪያው እሁድ እንዳንተው የድሮውን ብቻ አጫወትኩ። የደወሉት የድሮ ጓደኞችህ ብቻ ነበሩ። ኃላፊው እውነቱን ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ በልጅነቴ ቴፑን አስጩኼ ስሰማ ያደረግከው ትዝ አለኝ። «ቀንሺው» አላልከኝም። አጠገቤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ሰማህና «አሁን ደግሞ የኔን ስሚልኝ» አልከኝ። ያንተን ዘፈኖች የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው እሁድ አድማጮችን እንዲህ አልኳቸው፦ የራሳችሁን ሳይሆን፣ በዕድሜ ከእናንተ የሚርቅ የቤተሰባችሁ ሰው የሚወደውን ዘፈን ምረጡ። ጥቂት ሰው ደወለ። በሦስተኛው እሁድ ሬኮ ከምትባለው የገጠር ቀበሌ አንዲት ቡና ለቃሚ እናት ደውለው ልጃቸው የምትወደውን የዘንድሮ ዘፈን ጠየቁ። «ግጥሙ አይገባኝም፤ እሷ ስትሰማው የምትስቀው ሳቅ ግን ይገባኛል» አሉ። ዘፈኑ ሳያልቅ ልጅቷ ራሷ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ደወለች። እያለቀሰች በእናቷ ሠርግ የተዘፈነውን አስመረጠች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም!

በአራተኛው እሁድ ኃላፊው ራሱ ስቱዲዮ ገባ። ሊዘጋው መስሎኝ ክው አልኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ «ለአባቴ አንድ ዘፈን ልምረጥ?» አለኝ።

አሸነፍን አባዬ! አንድ የነበረችው የእሁድ ሰዓትህ አሁን ሁለት ሆናለች።

ፕሮግራሙን «የጋሽ ታደሰ ልጅ ነኝ» ብዬ ስለምከፍት፣ ድምፅህን ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች ዲላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የጋሽ ታደሰ ልጅ!» ብለው ይጠሩኛል። የራሴን ስም አልነግራቸውም። በዚህ ስም እስከጠሩኝ ድረስ፣ አቤት እያልኩ እኖራለሁ።

ልጅህ