ከሕልሙ በታች የተተወ ቦታ

አዳንዬ፣ ጧት ፊትህን ሳትታጠብ ሕልምህን የምትነግረኝ ባሌ፣

ጤናህ እንዴት ነው እንዳልልህ ከጤናም ከሕመምም አልፈሃል። እንዲያው ግን እንዴት ሰነበትህ? ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የሁለተኛው ዓመት ሰሊጥም ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በሚሉት ክምር ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ገባ። አንተ የሄድህ በሰኔ ነው፤ የከተማችን የሸሕዲ ትራክተር ሁሉ ለእርሻ ሲወጣ ያንተ ብቻ ደጃችን ላይ ቆሞ ዝናብ መታው። ኋላ ባለቤቱ ባለ እርሻው ከጎንደር ሰው ልኮ አስነዳው። አሁን ኮኪት በኩል ያርሳል አሉ። አንዳንድ ቀን በዋናው መንገድ ሲያልፍ ልጃችን ሕይወት ከድምፁ ትለየዋለች፤ እርሳሷን ታስቀምጥና እስኪርቅ ታዳምጣለች።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። የተከልኸው ኒም ከጣሪያው አልፎ ጥላው እስከ ሱቄ በር ይደርሳል። ከመተማ ያመጣኸው አንጋረብ አልጋ ገመዱ ረግቦ የተኛበትን ሰው ከመሬት ሊያገናኝ ሲል አስጠበቅሁት፤ ሙቀቱ ሲበረታ ኒሙ ሥር አወጣውና ጋደም እልበታለሁ። ሱቋም ያው ናት፤ ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የማመልከቻ ወረቀት። አንተ የምትቀመጥባት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሯ ተሰነጠቀ። ሰው እንዳይወድቅብኝ ግድግዳ አስደግፌያታለሁ እንጂ አልጣልኋትም።

ዋናውን ወሬ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። አንተም እንዲህ ታደርገኝ ነበር። መጽሐፍህ ታተመ፣ አዳንዬ።

ስንጀምረው መጽሐፍ ይሆናል ያለ ማን ነበር? በየዓመቱ ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት የሚወርዱት ሠራተኞች ጧት በካምፑ ሻይ ሲጠጡ ያዩትን ሕልም ይነጋገራሉ። አንተ የትራክተርህን ሞተር እያሞቅህ ትሰማለህ። በጋው ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሱቄ ትመጣና በዚያች ወንበር ላይ እግርህን ዘርግተህ ትነግረኛለህ፤ እኔ እጽፋለሁ። መታወቂያ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣው ባለጉዳይ ወሬው ይዞት የመጣበትን ይረሳል። የደብረ ታቦሩ ሰው በሬውን በመሰላል ወደ ሰማይ ሲያወጣ ያደረበትን ነገርኸኝ። የወረኢሉዋ ምግብ አብሳይ በገንፎው ድስት ውስጥ የገዛ መንደሯን አግኝታ፣ ቤቶቹ እንዳይፈርሱባት ቀስ ብላ ስታማስል የነጋባትንም። አንዱ ደግሞ በሕልሙ የሠራበትን ይዞ አገሩ ገባ፤ ደጁ ሲደርስ ቤቱ ከቦታው የለም፤ ጎረቤት ቢጠይቅ፣ አንተን ፍለጋ ቆላ ወርዷል አሉት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቅህ ጀምረህ ማብቂያው ላይ ድምፅህ ሰለለ።

የመጀመሪያውን ሕልም ጽፌ እንደ ጨረስሁ እጄ አላርፍ ብሎኝ ከሥሩ ፍቺ ጨመርሁበት። በሬ ዝናብ ነው፣ መሰላል ሹመት ነው አልሁ። አንተ ከወንበርህ ተነሥተህ መጥተህ አስጠፋኸኝ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ እኛ ከፈታነው የእኛ ሊሆን ነው፤ ተይው፣ ያነበበው ሰው ከቤቱ ተቀምጦ ይፍታው አልህ። ከእያንዳንዱ ሕልም በታችም ግማሽ ገጽ ባዶ እንድተው አዘዝኸኝ። "በይ እንትኗን እየተጫንሽ ውረጅ" ትላለህ። ኢንተር የምትባለዋን ቁልፍ ስሟን አንድ ቀን እንኳ አስታውሰህ አታውቅም። እኔ እየተጫንሁ እወርዳለሁ፤ አንተ ነጩ ቦታ ሲሰፋ ያረስኸውን መሬት እንደምታይ ሆነህ ታያለህ።

በቤታችን ግን ፈቺው እኔ ነበርሁ። ሕልምህን ሳልፈታልህ ከደጅ ወጥተህ አታውቅም። ጥርስ ወለቀ ስትለኝ የማበጠሪያዬ ጥርስ ነው እልሃለሁ። እባብ አየሁ ካልህ የነዳጅ ቱቦ ነው። ሠርግ አየሁ ስትለኝ ክፉ ምልክት መሆኑን ባውቅም፣ ድግሱ ላይ ምን በላህ ብዬ ወሬህን አስለውጥሃለሁ። ክፉ ሕልም ከኔ እጅ በጎ ሳይሆን አይወጣም ነበር።

ጎንደር ሐኪም ቤት በተኛህበት በመጨረሻው ጧት የነገርኸኝን ብቻ አልፈታሁትም። ሰሊጡ አብቧል፤ ነጭ አበባው እስከ ሰማዩ ጥግ ደርሷል። ቀዩ ትራክተርህ በመካከሉ አንድ ተክል ሳይጨፈልቅ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በጎኑ እየሮጥህ ቀና ብለህ ብታይ ወንበሩ ባዶ ነው። "ሾፌሩ የታለ?" እያልህ ነቃህ። ነገር የማላጣው ሴትዮ ፍቺ አጣሁ። እስከ ማታ አስቤ እነግርሃለሁ አልሁህ። ሳቅ አልህና፣ እንግዲያው ባዶውን ተይልኝ አልኸኝ። ማታውን አልጠበቅኸኝም። ያን ሕልም የመጽሐፉ መጨረሻ አድርጌ አስገባሁትና እንዳልኸኝ ከሥሩ ግማሽ ገጽ ተውሁ።

ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልመጣህም። ስንቱን የማላውቀውን ሰው ሳይ አድሬ አንተን አላይም። ተቀየምኸኝ እንዴ እያልሁ አዝን ነበር። በመጨረሻ ለራሴ አንድ ነገር ነገርሁት፦ መጽሐፉ እንዳዘዝኸው ከወጣ፣ ባዶው ሳይነካ ከወጣ፣ አዳነ ይመጣልኛል። ለሰው ብናገረው አበደች የሚያሰኝ ነው። ቢሆንም ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ብዬ ጽሑፉን ይዤ ጎንደር ወጣሁ።

አርታኢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ነጠላ ሰረዞቼን ከማይሆን ቦታ ለቅመው ከሚሆን ቦታ ተከሉልኝ። የወረኢሉዋን ሴት ሕልም ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ቆዩ። ግን ፍቺ የሌለው የሕልም መጽሐፍ ማን ይገዛዋል አሉኝ። መጽሐፍ ሻጮቹም ያሉት ይህንኑ ነው፤ በየሕልሙ ሥር ሁለት መስመር ፍቺ ጣል አድርጊበት፣ ገበያው ያኔ ያውቅሻል አሉ። አንተ ከወንበርህ ተነሥተህ ስትመጣ ታየኝና እንቢ አልሁ። ግትር ሚስት እንዳገባህ አገር አወቀ።

ገጽ የሚያቀናብረው ሰው ደግሞ ጽሑፉን ከራሱ ፕሮግራም ሲያስገባው ባዶ መስመር ሁሉ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ባንዴ ተጠረገ። እኔ ስንት በጋ እየተጫንሁ የወረድሁትን እሱ በአንድ ትእዛዝ አጠፋው። ለመጨረሻ እርማት የተሰጠኝን ስገልጠው ሕልሞቹ በካምፕ እንዳለ ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተኝተዋል። ያንተ ሕልም ከመጨረሻው ገጽ ጥግ ተጨፍልቆ፣ ወዲያው ከሥሩ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ። ከዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ሰውየው ደነገጠ፤ አንድ ፊደል የሳተ መስሎት ገጹን ከላይ እስከ ታች ይፈልግ ጀመር።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሴት ናት። "ወረቀት ተወዷል እኮ እኅቴ፣ ባዶ ወረቀት ማን ገዝቶ ይወስድልሻል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። የያዝሁት ገንዘብ ለሁለቱ አይበቃም፤ ወይ ባዶው፣ ወይ ባለ ቀለሙ ሽፋን። ሽፋኑን ሕይወት ናት የሣለችው፤ ትራክተርህን፣ ታመህ እንኳ ቀይ ይሁን አደራ ብለህ ያስጠነቀቅኸውን። እኔ ባዶውን መረጥሁ። ትራክተርህ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ፤ አትቆጣኝ። ሕይወት ያን ሰሞን አኮረፈችኝ። ኋላ ግን ቀይ እርሳስ ይዛ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ለገዛ ሰው ሁሉ ትራክተሩን እዚያው በፊቱ ትቀባለት ጀመር። አንዱን ከመስመር ታስወጣዋለች፣ አንዱን ጎማውን ጭምር ታቀላዋለች። አንድ ዓይነት መልክ ያለው ሁለት መጽሐፍ የለህም።

መጽሐፎቹ ጭልጋ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ሰነበቱ። ሲከፈት ሰሊጥ ሊጭን ባዶውን በሚወርድ አይሱዙ መጡ። ያኔ አጨዳው ተጀምሯል፤ ሠራተኛው ኪሱ ባዶ ነው፣ ቀና ብሎም አያይም። ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ መመለስ ሲጀምር ጠረጴዛዬን መናኸሪያው በር አወጣሁ። መኪና የሚጠብቅ ሰው መቼም የሚሄድበት የለውም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ሕልም አነባለሁ። የቤቱ ሕልም ላይ ስደርስ፣ አንተን ፍለጋ ቆላ ወርዷል የሚለው ላይ፣ ሻንጣ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጋ።

የመጀመሪያው ገዥ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። "እታለም፣ ይኸ ግማሹ ሳይታተም ነው የመጣልሽ። ቀለም አልቆባቸው ነው?" አለኝ። ፈቺው አንተ ነህ ስለው ያሾፍሁበት መሰለው። እስክሪብቶዬን ስሰጠው ግን ነገሩ ገባው፤ ጠረጴዛዬን ተደግፎ፣ አውቶብሱ ጥሩምባ እየነፋበት፣ አንዱን ባዶ ቦታ ሞላው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ከእስክሪብቶ ጋር በላስቲክ አስሬ እሸጣለሁ። ሌላ ማስታወቂያ የለኝም። አንድ ወደ ገለጉ የሚሄድ ሹፌርም ጥቂት ይዞልኝ ወረደ፤ ሲመለስ መጽሐፉ አልቆ እስክሪብቶ ብቻ ጨምሪ በላት ተብዬ ተላክሁ አለኝ።

በታኅሣሥ አንድ ሸምገል ያሉ የስማዳ ሰው ከሱቄ መጡ። የገዙትን የካምፑ ሰው ሁሉ በየተራ ጽፎበት ስለሞላባቸው ሌላ ሊገዙ ነው። ከብብታቸው አውጥተው አሳዩኝ። ባዶ ያልሁት ሁሉ በልዩ ልዩ እጅ ተሞልቷል፤ አንዱ የፈታውን አንዱ ቀስት አውጥቶ ይከራከረዋል፤ ከበሬው ሕልም ሥር ደግሞ አንድ ሰው ፍቺውን ትቶ የገዛ በሬውን ስም ብቻ ጽፏል። እሳቸው የጓደኞቻቸውን ጽሑፍ እያሳዩኝ ሲስቁ እኔ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። ካንተ ሕልም ሥር እንዲህ ይላል፦ "ሾፌሩ ደክሞት ሰሊጡ ውስጥ ጋደም ብሏል። ትራክተሩ ቀስ የሚለው እንዳይቀሰቅሰው ነው።"

ይህን የጻፈ ማን ነው አልኋቸው። "እኔ ነኝ ልጄ፣ አበላሸሁት እንዴ?" አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ቀናሁ። ያንተን ሕልም መፍታት የኔ ሥራ ነበር። ቀጥሎ፣ እግሯ የተሰነጠቀ መሆኑን ረስቼ፣ ወንበርህ ላይ ቁጭ አልሁ። ቻለችኝ። ሕልሙ የማን እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም የሚያስለቅሰኝን አልጠየቁኝም። ሲወጡ "በጎ ሕልም ነው፤ አይዞሽ" ብለውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አንጋረቡ ላይ ጋደም እንዳልሁ መጣህ።

ሱቅ ውስጥ ነን። ፎቶ ኮፒው ይሠራል። የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ባዶ ነው፤ ግን ትኩስ ነው። አንተ የሥራ ቱታህን ለብሰህ ከማሽኑ አጠገብ ቆመህ አንድ በአንድ ትቀበላለህ፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገህ ጠርዙን ታስተካክላለህ። ትከሻህ ላይ የሰሊጥ አበባ አለ። ቀና ብለህ አየኸኝ። ክምሩን አቅፈህ ወጣህ። ከደጅ ኒሙ የለም፣ መንገዱም የለም፤ ማሳ ብቻ ነው። ወረቀቱን ግራና ቀኝ እየዘራህ፣ ሳትቸኩል ሄድህ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ በነጩ ውስጥ እስክትጠፋ አየሁህ። ስነቃ መዳፌ ትኩስ ነበር።

ይህን ለማን ልንገር? ለሕይወት ነገርኋት። ፍቺው ይጠፋባታል ብዬ ሳስብ፣ "ለአባየ ጻፊለት፣ እሱ ይፍታልሽ" አለችኝና ወደ እርሳሷ ተመለሰች። ደብዳቤው የመጣልህ በእሷ ትእዛዝ ነው።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ በመቃብር ላይ ይለዋል። የኔ ቃል ይህ ነው፦ መጽሐፍህ ስንቴም ይታተም፣ ወረቀት የፈለገውን ያህል ይወደድ፣ ከሕልሙ በታች ያለው ቦታ አይነካም። እኔ ባልፍ ሕይወት አደራውን ይዛለች። ጧት ጧትም ከአልጋዬ ሳልወርድ ጥቂት እቆያለሁ፤ የምትነግረኝ ቢኖር ብዬ።

በል እንግዲህ። ስንት ዓመት ያንተን እኔ ፈታሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። እንትኗን እየተጫንሁ ወርጃለሁ። ከስሜ በታች ያለው ግማሽ ገጽ ያንተ ነው፤ ፍታልኝ።

ትርንጎ