የቡቺ ጥፍር

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

የውሻችን የቡቺ ጥፍር ተጠምዝዞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በሰንሰለት ከታሰረ ወዲህ ስለማይሮጥ መሬቱ አይሞርድለትም። አባባ ጠዋት፣ «የሚያነክስ ውሻ ቤት አይጠብቅም። ቅዳሜ ገሳይ ገበያ ስሄድ እዚያው ጥዬው እመጣለሁ» አሉ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።

ከቤሩት ያመጣሁትን የጥፍር መሞረጃ ማሽን አወጣሁ። እዚያ ቤቷ ተቀጥሬ የሠራሁላት የማዳሜ ውሻ ድምፁን ስትሰማ እግሯን ራሷ ነበር የምትሰጠኝ። ቡቺ ግን፣ ቤሩት ከመሄዴ በፊት ከቡችላነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ቡቺ፣ ማሽኑን ገና ሳስነሳው ጥርሱን አወጣብኝ። ለመንኩት፤ ሥጋ ሰጠሁት፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ጥፍሩን እንኳ አላስነካኝም።

እማዬ በር ላይ ሆና፣ «ተይው ልጄ፣ ረስቶሽ እኮ ነው» አለችኝ።

ድምፁ አስፈርቶት ይሆናል ብዬ ማሽኑን አጠፋሁት። ቡቺ እኔን እያየ ማጉረምረሙን ቀጠለ።